የድንጋይ ሽበት

ጥቅምት ሊወጣ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ጤዛው ገና ሳይረግፍ፣
የቁስቋምን ዳገት ወጣሁት፣ ሱሪዬ እስከ ጉልበት ሲንጠፈጠፍ፤
አደይ ቢጫዋን ጨርሳ፣ የትንባሆ መልክ ይዛ፣
በየመቃብሩ ጥግ ቆማ፣ አንገቷን ሰብራ፣ ተክዛ።

እኔ ጉርድ ፎቶ አንሺ ነኝ። ሱቄ ፒያሳ ነው፤
አንድ ዱካ፣ ሰማያዊ መጋረጃ፣ በክር የታሰረ ማበጠሪያ፤
"አገጭ ከፍ፣ ትከሻ ዝቅ፣ አይጨፍኑ" እያልኩ የምውል፣
የሰው ፊት በስምንት አባዝቼ በመቀስ ቆርጬ የምሰጥ።
በዓመት አንዴ፣ በጽጌ ወር፣
ዓይኑን የማይጨፍን ደንበኛ አምሮኝ
ወደዚህ እመጣለሁ።

ክረምቱ አጥቧቸው፣ በጋው ገና ሳያነጣቸው፣
በዚህ ወር ብቻ ነው የነገሮች ቆዳ አፍ ሲያወጣ የማያቸው፦
ወይራው እንደ ተጨመቀ ልብስ ግንዱን ጠምዝዞ፣
ጽዱ ልጡን በረጅሙ ተልትሎ፣ ወደ ጎን አንጠልጥሎ ይዞ፣
የካቡ ኖራ ተገሽልጦ፣ ከሥሩ የጣት አሻራ፣
የማን እንደሆነ እንጃ፣
እርጥብ ሳለ ነክቶት ያለፈ፣ የዚያን ቀን ሲሠራ።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ነገር አስተምሮኛል፦
"ብርሃን ከፊት ሲመጣ ያባብላል፤ ከጎን ሲመጣ ያናዝዛል።"
ስለዚህ፣ ፀሐይ የጽዱን ጫፍ እስክትሻገር
ካብ ላይ ቁጭ ብዬ ሽምብራ ቆረጠምኩ።

ሐውልቶቹን ያቆማቸው አዛናው ነው፣ ግንበኛው፤
አፍንጫ እሺ አይለውም ነበርና
ሙታኑ ሁሉ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ።
አንዱ መልአክ ክንፉ ወልቆ፣ ፌሮው ወጥቶ ዝጓል፤
ዝገቱ በወገቡ ወርዶ፣ እግሩ ሥር ሻይ የፈሰሰ ይመስላል።
አንበሳው ጀርባ ላይ ያ እኛ የድንጋይ ሽበት የምንለው፣
አመድማው፣ ብርቱካናማው፣ ተላጠ ሲሉት የማይላጠው ነገር፣
እንደ ካርታ ተዘርግቷል። ቀረብኩ። ደሴቶች፣ ባሕር፣ ድንበር።

በሩ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል፦
ሐውልት ያላችሁ እስከ በዓሉ አንሡ። ሰበካ ጉባኤው።

"አንተ ነህ የምታነሣው?" አለችኝ አንዲት ሴት ከኋላዬ።
ደነገጥኩ። ማንሣት ሁለት ነው።
"ፎቶውን ብቻ" አልኳት።

አስረበብ ትባላለች። አባቷ እንዳላማው፣ የሑመራ መንገድ ሹፌር፣
ሲሚንቶ ሆኖ ተቀምጧል፣ የሲሚንቶ መሪ ጨብጦ፤
በመሪው ዘንጎች መሀል ሸረሪት ድሯን አድርታ፣
ጤዛው በየክሩ ተሰድሮ፣
መኪናው ትንሽ ቢነቃነቅ የሚበጠስ።

አፍንጫው የለም። ጢሙ ከዝናቡ ጋር ሄዷል።
ግራ ጉንጩን፣ ጆሮ ግንዱን፣ ጸጉሩን በሙሉ ሽበት ወርሶታል።

"ይኼን ማጥፋት ትችላለህ? በኮምፒውተሩ?"
"እችላለሁ። አንድ ሻይ እስኪጠጣ ነው።"
በጥፍሯ ጫፍ ጫረችው። አልለቀቀም።
"በሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው እኮ የሞተ።
አንድ ነጭ ጸጉር ሳያይ።"

ፀሐይ ያን ጊዜ ወጣች፣ ከጎን፣ ልክ እንደ ፈለግሁት፤
በጉንጩ ላይ ያለው ቅንጣት ሁሉ የራሱ ጥላ ነበረው።
"ተወው" አለች።
"ሳናይለት ነው ሲያረጅ የከረመ።"

ሻሿን ፈታች። የእሷ ከአባቷ ይበልጥ ነጭ ነው።
ረዳት በሚቀመጥበት በኩል፣ ድሩን እንዳትነካ ተጠንቅቃ
አጠገቡ ቆመች።
"አገጭ ከ..." ብዬ ጀምሬ ተውኩት።
አንዴ። ሁለቴ።
በሦስተኛው እሷ ጨፈነች፤ እሱ አልጨፈነም።

ዳገቱን ስንወርድ ቦርሳዋን ከፈተች፦
"ለሁለት ሰው ስንት ነው?"
የዋጋው ዝርዝር ፒያሳ ነው የቀረ፣
ግድግዳው ላይ ተለጥፎ።