የሐይቅ ዳር ፎቶ

ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ፣ አስፋልቱ ሲቋረጥ፣
ቆርቆሮ አጥር አለ፣ አቧራ የሚውጥ፤
አጥሩ ላይ ሐይቅ አለ፣ በባነር የታተመ፣
ዳር ዳሩን ዘንባባ ተሰልፎ የቆመ፣
አንዲት ነጭ ጀልባ፣ ሁለት ሳቂ ልጆች፣
በዚህ አፈር ላይ በቅለው የማያውቁ ዛፎች፤
ከሥር የሽያጭ ክፍሉ ስልክ ቁጥሩ፦
«በአሥር በመቶ ቅድሚያ፣ የሐይቅ ዳር ኑሮ ይጀምሩ!»

እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ። ውሸት አቀናብራለሁ፤
ሰውን ከውሸቱ ፊት አቁሜ አነሳለሁ።
ባለፈው በአያት፣ ከሞዴል ቤት ሳሎን፣
ከፕላስቲክ ሙዝ ጋራ አስቀምጬ ሰውን፣
«እንደ ጠገበ ሁን» ብዬ አንስቻለሁ፤
ዛሬ ደግሞ ዓሣ አጥማጅ እፈልጋለሁ።

ዘበኛው ጋሽ ቱፋ፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣
ካፖርታቸው ውስጥ ራዲዮ ሸጉጠው፣
በር ላይ ነበሩ። ሦስት መቶ ብር አልኳቸው።
«ሥራው ምንድን ነው?»
«ማጥመድ።»
«ምን?»
«ዓሣ ነዋ፣ ጋሼ።»
ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። መቃውን ሰጠኋቸው፣
የአጎቴን ቦቲ ጫማ አስጠለቅኳቸው፣
ከባነሩ ፊት ለፊት፣ ቢራ ሳጥን ላይ አስቀመጥኳቸው።

«ሐይቁን ይዩት፣ ጋሼ። ዝም ብለው፣ እንዲህ፣
አንገት ሰበር አርገው፤ ክሩን ወደዚህ...»

አላዩም።
ተነሡ። ሳጥኑን ይዘው ወደ ግራ ሄዱ፣
የብሎኬት ክምሩን ዞሩና ወረዱ፤
ብረት የታሰረበት ጉድጓድ አፍ ላይ ቆመው፣
ጀርባቸውን ለሐይቁ ሰጥተው፣
ክሩን ከደረቅ ጠጠር ላይ ጣሉት፣ አነጣጥረው።

«እዚያ አይደለም» አልኩኝ፣ «ብርሃኑም ከፋ።»
«ውሃው ግን እዚህ ነው» አሉኝ ጋሽ ቱፋ።

«ቡርቃ ነው ይሄ፤ ምንጭ ነው በእናንተ፤
በሬዬ ቦራ እዚህ ነው፣ ማጥ ውጦት የሞተ፤
ስድስት ሰው ጎትተን፣ ገመዱ ተበጥሶ...
አባቴን ያየሁት ያን ቀን ነው አልቅሶ።
መሬቱን በካሬ ለክተው ከፈሉን፤
ማንም አልጠየቀን ስለ ምንጩ ግን።»

ፀሐይዋ አጋደለች። ምን ላድርግ፣ አነሳሁ።
ፎቶው ተበላሸ፦
ሐይቁ ከበስተኋላ ደብዝዞ የሸሸ፣
አንድ ሽማግሌ፣ ደረቅ መሬት ላይ አፍጥጦ፣
ክሩ እስኪከብድ ድረስ የሚጠብቅ፣ ተቀምጦ።

ኤግዚቢሽኑ ላይ አንዱ፣ ወይኑን እየቀመሰ፣
«አቤት ቅንብር!» አለኝ፣ ትከሻዬን ዳበሰ።
እኔም አመሰገንኩ። ምን ይባላል ታዲያ።

በነሐሴ ሄድኩኝ፣ አንዱን ቅጂ ይዤ።
ባነሩን ነፋስ ቀዶት፣ ጀልባዋ ለሁለት ተከፍላ፣
አንደኛዋ ግማሽ ጭቃው ላይ ተንጠልጥላ፤
ጋሽ ቱፋን ምድር ቤት፣ ከመኪና ማቆሚያው
አገኘኋቸው፤ እስከ ጉልበት ድረስ ውሃው።
የአጎቴን ቦቲ ጫማ ዛሬም አላወለቁም፤
ፓምፑ ያጓራል፣ ይተፋል፣ ውሃው ግን አይጎድልም።
«ሦስተኛ ክረምቱ ነው። መሐንዲስ ይመጣል፤
በዚህ ሲደፍኑት፣ በዚያ ዞሮ ይወጣል።»

ፎቶውን ተቀበሉ፣ ወደ አምፖሉ አስጠጉ፣
ዓይናቸውን አጥብበው የሆነ ነገር ፈለጉ።
«ባርኔጣዬስ አማረ፤
ያን ቀን ግን የሳቅኩት በአንተ ነበረ፤
ይሄ ውሃ ዓሣ ኖሮት አያውቅም፤ ጓጉንቸር ነው እንጂ።»
ፓምፑን ቀጥ አደረጉት።
«ዝም በልና ስማ እንጂ።»