የማጣሪያው ወረቀት

ከፒያሳ በላይ፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣
አንድ ማሽን አለኝ፣
ሌሊቱን በሙሉ ሲተነፍስ የሚያድር ከከተማው ሰማይ።
ጠዋት ሦስት ሰዓት፣
ሊፍቱን እየረገምኩ በደረጃ ወጥቼ፣
የስኒ አፍ የሚያህል ክብ ወረቀቱን በወረንጦ አንስቼ፣
እመዝነዋለሁ።
የተጠራቀመው ከአንዲት የዓይን ሽፋሽፍት ያንሳል፤
ለዚህች ለምታህል ደመወዝ ይከፈላል።

በነሐሴ
ነጭ ሄዶ ነጭ ይመለሳል።
ዝናቡ አየሩን እንደ ነጠላ አሽቶ ነው የሚያጥበው።
ኡጁሉ ያሾፋል፦ "ዛሬም ባዶውን ነው?
ይሄ ከተማሽ ክረምት ክረምቱን ነው ንስሐ የሚገባው።"

ኅዳር ሲገባ ግን ቀለሙ ይዞራል።
በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሰፈሩ ይታጠናል፤
ከዶሮ ማነቂያ እስከ ሠራተኛ ሰፈር፣
ቅጠል፣ ካርቶን፣ ጎማ፣ የከረመ ስልቻ ይነዳል በየበር።
"በሽታ ይውጣ!" ይላሉ።
ሳል ገብቶ ያመሻል።

በማግስቱ ኡጁሉ ወረቀቱን አሸተተው።
"ተው፣ ናሙናውን ታበላሻለህ" ብለው፣
ዓይኑን እንደ ጨፈነ፣
"ጎማ ብቻ አይደለም፤ ሣር አለበት" አለኝ። "የኛ ሣር።

ባሮን ተሻግሮ፣
ከሰው ቁመት በላይ የቆመው ደርቆ ሲንኮሻኮሽ፣
አጎቴ ይለኩሰዋል።
እሳቱ ሲሮጥ ፌንጣው ይሸሻል፣ ጭልፊት ይከተለዋል፤
በሳምንቱ ከከሰለው መሬት ቡቃያ ይወጣል፤
ያን ሊግጥ ቆርኬው ይመጣል።"

ካርታ አወጣሁ። ቀስቶቹን አሳየሁት፦
"በበጋ ነፋሱ ከምሥራቅ ነው የሚነሣው፤
የአጎትህ ጢስ ወደ ሱዳን ይወርዳል እንጂ፣
እዚህ ሽቅብ ምን ያመጣዋል?"
ሳቀ።
"አንቺ ነፋስን የምታውቂው ከወረቀት ነው።"

ጥር አለፈ። በየካቲት አጋማሽ
ነፋሱ ለሦስት ቀን ፊቱን አዞረ።
ወረቀቱ ጥቁር ሳይሆን ቡኒ ሆኖ አደረ፣
የዳቦ ቅርፊት መስሎ።
የኬሚስትሪ ክፍል ላከልኝ፣ "ፖታሲየሙ በዝቷል" ብሎ።
ኡጁሉ ግን የለም። እናቱ ታማበት፣ በዋዜማው ሌሊት
አውቶቡስ ተሳፍሯል፣ ጢሱ ወደመጣበት።

ወይም መጣበት ወዳልኩት።
ፖታሲየም አገር የለው፤ የእንጦጦ ቅጠል ይሁን የባሮ ሣር፣
የጉልቷ ሴትዮ የበቆሎ እሳት ይሁን፣ አይናገር።

"ማስታወሻ" በሚለው ጠባብ ዓምድ
"ሣር" ብዬ ጻፍኩኝ፤
ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አኖርኩኝ።
ከዚያ በሩን ዘግቼ፣
ማንም እንደሌለ ግራ ቀኝ አይቼ፣
ወረቀቱን
ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት።