ሁለተኛው ድርብ

መክሊት ናት ያመጣችው፣ ከደብተሯ ጀርባ፣
በእርሳስ የጻፈችው፦
"ጥቁር ቸኮሌት ሁለት፣ ነጭ ቸኮሌት ሁለት፣
ናና ከረሜላ አንድ እፍኝ፤ ይሰባበር እንጂ እንዳይደቅ እንደ ዱቄት።"
ከታች አስምራበት፦ "ለገና። እኔ ነኝ ምሠራው።"
እኔን አልጠቀሰችም።
እኔም ምን አልኩ? "እሺ፣ ድስቱን ላምጣው?"

የእንጀራ እናት ይሉኛል፤ ይህን ስም አልመረጥኩም።
ሦስት ዓመት አንድ ጣራ ሥር
"አንቺ" ብላኝ ታውቃለች፣ "እሷ" ብላኝ ታውቃለች፣
በስሜ ግን አልተጠራሁም።

ነጩን ፍለጋ ባሕር ዳርን ዞርኩኝ፣
በባጃጅ፣ በእግር፣ ከዘንባባው ሥር ላብ እያጠመቀኝ።
አንዱ ባለሱቅ "ነጭ ቸኮሌት? ምን አሞት ነጣ?" ብሎ ሳቀብኝ።
ኋላ ከሻማ ካርቶን ጀርባ፣ አቧራ ለብሶ አገኘሁት፤
ዋጋው ያስደነግጣል። ከፈልኩ። ለማን ብለሽ አትበሉኝ።

ከረሜላውን ወቀጥነው።
ሙቀጫው የነጭ ሽንኩርት ትዝታ አለበት፤
ሦስቴ በሎሚ ባጥበው እንኳ ይወጣል እንደ ድሮ ሐሜት።
ናናው አፍንጫችንን ሲቆነጥጥ ግን
ሁለታችንም እኩል አነጠስን።
ልትስቅ ነበር፤ ከንፈሯን ነከሰች።
እኔም እንዳላየ ሆኜ ቀጠልኩ መውቀጥ።

ጥቁሩ ቀለጠ፣ ከፈላ ውሃ በላይ፣ በሳህን፣ በዝግታ፤
ጠብታ ውሃ ከነካው ይቋጠራል እንደ ተቀየመ ጌታ።
ትሪ ላይ አፈሰስነው። ነፋስ እንደ ራቀው ጣና
ተኛ፣ ረጋ ሊል፣ ማታ።
ጾም ነውና ጣታችንን አልላስንም።

ከዚያ መብራት ሄደ።
(የባሕር ዳር ሰው ይህን መስመር ሁለቴ አያነበውም።)
ፍሪጁ አንዴ ተንፍሶ ዝም አለ።
ጥቁሩ ላበ። የመክሊት ዓይን ቀላ፦
"በቃ፣ ተበላሸ! እማዬ ብትኖር..." ብላ
ቀሪውን ዋጠችው።
እኔም ዋጥኩት፤ እኔን ግን ቆይቶ ነው የወረደልኝ።

ትሪውን በፎጣ ሸፍነን ወደ ሐይቁ ዳር ወጣን፣
እሷ ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ፣
"ቀስ!" "አንቺ ቀስ!" እየተባባልን።
ዓሣ ነጋዴው ጥጋቤ የበረዶ ሣጥን አለው፤
"እናትነሽ! በዚህ ጨለማ ምን እግር ጣለሽ?" አለኝ።
መክሊት ስሜን ስትሰማ ጫማዋን አየች።
እሱ ሌላ አልጠየቀም። ቆረሶውን ገፋ፣ አምባዛውን ገፋ፣
"ለሙሽራ ቦታ ልቀቁ!" አላቸው፣
ትሪውን በበረዶው መሐል አስተኛው።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። የአባቷ ጀልባ ገና ጎርጎራ ናት።
ደንገሉ ከውሃው ጋር ያወራል፣ እኛ አናወራም።
"ነጩ መቼ ነው የሚደረበው?" አልኳት።
በስልክ መብራት ደብተሯን ገለጠች፦
"የታችኛው ሳይረጋ ከፈሰሰበት ይደባለቃል፣ የሁለቱም መልክ ይጠፋል።
ድርቅ ካለ በኋላ ከሆነ ደግሞ አይያያዝም፤
ሲቆረስ ነጩ ለብቻው ይወድቃል።"
"ታዲያ መቼ?"
"ጣት ሲነካው... ጣቱን ሳያቆሽሽ፣ አሻራውን ሲይዝ።"

ሦስት ዓመት ቆጠርኩ በልቤ። ቸኩዬ ይሆን? ዘግይቼ?

ተነሣች። ሣጥኑን ከፈተች፣ በሌባ ጣቷ ነካችው።
"አሁን" አለች።
ነጩን በጥጋቤ የዓሣ መጥበሻ ከሰል ላይ አቅልጬ
እኔ አፈሰስኩ፣ እሷ አለሰለሰች፣
ከረሜላውን እንደ ጤፍ ዘር በተነች።

የገና ጠዋት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣
በቢላ ጀርባ መታችው። ቀጭ!
ስባሪውን ወደ ብርሃን አነሣችው፣ ገለበጠችው፣ በጥፍሯ ፈተሸችው።
ነጩ አልወደቀም።
"ትንሽ ዓሣ ዓሣ ይላል" አለች፤ አሁን ሳቋን አልነከሰችውም።
ትልቁን ቁራሽ ለአባቷ አስቀመጠች፣ ቀጥላ
እጇን ወደ እኔ ዘረጋች፦
"እንኪ... እናትነሽ።"

ስሜን ነው? ወይስ ቃሉን?
አልጠየቅኳትም።
አፌ ውስጥ ጥቁሩና ነጩ አብረው እየቀለጡ ነበር።