ቃለ ጉባኤ

ቦታ፦ ኮምቦልቻ፣ ከፈትል ክፍል ጀርባ።
ሰዓት፦ ሁለት ከሩብ፣ የቦርከና ጉም በመስኮት ሲገባ።
የተገኙ፦ አሥር ወንድ፤ ኢንጂነር ረሕመት ይመር።
ጸሐፊ፦ እኔ ነኝ፣ ጽሑፌ የማያምር።

ድሮ እሷ ነበረች።
ማንም አልመረጣት፣ እጅም አልወጣላት፤
«ጽሑፍሽ ያምራል» ነው ብዕር ያቀበላት።
እኛ ስንከራከር፣ ሻዩን ስንጠጣ፣
ትከትብ ነበረ የአፋችንን ጣጣ።

ግምጃ ቤት ጠየቀች ብረት አፍንጫ ጫማ፤
«ያለው አርባ ሁለት ነው፤ እግርሽ ይስማማ!»
የማሽን ውዳቂ ጥጥ ጫፉ ላይ ጠቅጥቃ፣
ዓመት ከመንፈቅ ዞረች፣ ማማረሩን ንቃ።

አንድ ቀን፣ ሦስተኛው መስመር ላይ፣
የካቻቢቴው ጫፍ ከሞተሩ፣ እጀታው ከጆሮዋ፣
ቆመች ዓይኗን ጨፍና፣ የጥጥ ብናኝ በቅንድቧ።
«ይሄ ኩሽኔታ» አለች፣ «ያቃስታል፣ ታሟል፤
ዛሬ ካልቀየርነው ዘንጉን ያጣምማል።»

«አንጀቷ አይችልም፣ ለብረት ታዝናለች»
ተባለ፤ ተሳቀ፤ እሷ ግን ጻፈች።

በሳምንቱ አበጋዝ ያንኑ ቃል ደገመ፤
አጨበጨብንለት፤ ቤቱ ተደመመ።
ጭብጨባ ግን ግሪስ አይሆንም ለብረት፤
ኩሽኔታው እዚያው ነው፣ እያቃሰተበት።

ኅዳር ገባ። በሌሊት ዘንጉ ተቆለመመ፤
አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ፈትል ክፍሉ ቆመ።
ከደሴ አጣሪ መጣ፣ ሐረጎን ቁልቁል ወርዶ፤
«ማነው ቸል ያለው?» አለ፣ ድምፁን አክብዶ።
«መስመሩ የእሷ ነው» አልን።
እኔም አልኩ። ይያዝልኝ።

ረሕመት አልተቆጣች። መዝገቡን ገለጠች፤
ገጽ አሥራ አራት ላይ ጣቷን አስቀመጠች።
በዚያ ባደነቅነው፣ ባማረው ጽሑፏ፦

«ኩሽኔታው ይቀየር። ሐሳብ አቅራቢ፦ ረሕመት ይመር።
ውሳኔ፦ ሳቅ።»

ገጽ አሥራ አምስት፦
«አበጋዝ፣ ረሕመት ያለችውን አለ።
ውሳኔ፦ ጭብጨባ።»

አጣሪው አነበበ። ደግሞ አነበበ።
ከእኛ መካከል የሳለም አልነበረ።

በሚቀጥለው ሰኞ ብዕሩን ገፋችልኝ፤
«እጄ ግሪስ ነክቷል፣ አንተ ጻፍ» አለችኝ።
ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገቧ ተቀምጬ፣
ስጽፍ ነው የሰማኋት።

አጀንዳ አንድ፦ የደኅንነት ጫማ፣ ቁጥር ሠላሳ ሰባት።
ውሳኔ፦
ዘጠኝ ወንድ ጣሪያ ያያል።
ብዕሬ ይጠብቃል።