ማስያዣ

ጉሙ ከጦሳ ላይ ተንከባሎ ወርዶ
በሩን ስንከፍተው ከኛ ቀድሞ ገባ፣
እንደ ደንበኛ ሰው፣ ወንበሩን ለምዶ።

መሳቢያዬ ውስጥ አንድ ደብዳቤ አለ፣
ከዋናው መሥሪያ ቤት፣ ማኅተም ያዘለ፤
«አዲስ ብድር ሁሉ ለጊዜው ይቆማል»
ይላል በአጭሩ፤ ጊዜው ግን ይረዝማል።

ከመስኮቱ ወዲያ ሰልፉ ተጠማዟል፣
የሐረጎን መንገድ ጥምዝምዙን ይዟል፤
የራሱን ብር ሊያወጣ የመጣው ገበሬ
«ነገ ና» ተብሏል፣ ትናንትም፣ ዛሬ።

በዚህ መሀል ነው ሙሄ የገባው፣
ፌስታል ውስጥ ፋይሉ፣ ጉም ያረጠበው።
ሙሄ በያጁ ነው፣ የሸዋ በሩ ሰው፣
ብልጭታ ግማሽ ቅንድቡን የጨረሰው።
ንግድ ፈቃዱን፣ የግብር ክሊራንሱን፣
የሁለት ዋስ ፎቶ፣ የሚስቱን፣ የራሱን
አንድ በአንድ ዘርግቶ፣ ጠርዙን እያየ፣
በመዳፉ አቃናው፣ እንደ ላሜራ፣ እየለያየ።

«አርባ ሁለት በር ነው፣» አለኝ፣ «የትምህርት ቤት፤
ውሉ ይኸውልህ፣ የቀን ገደብ አለበት።
ማሽኔ ከሄደ ሁለት ዓመት ሆነ፣
ማን እንደወሰደው ተወው፤ የባከነ ባከነ።
አንድ መበየጃና አንድ ጄኔሬተር፣
ከዚያ ወዲያ ብረቱን ለኔ ተወው፣ ይናገር።»

እኔም ጠየቅኩት፣ ቅጹ እንደሚለው፦
«ቤትህ ካርታ አለው?»
«የቀበሌ ነው።»
«መኪና?»
«ጋሪ እንኳ።»
«የቆጠብከው ስንት?»
«ሚስቴ ሰልፉ ላይ ናት፣ ያችኑ ልታወጣት።»

«ታዲያ ምን አለህ የምታስይዘው?»
እጁን ወረቀቱ ላይ አኖረ፣ ምንም ሳይዘው።
«ይኸን ያዙት» አለኝ።
እጅ ካርታ የለው።
እጅ በመሐንዲስ ተገምቶ፣ በሐራጅ አይሸጥም፤
ባለቤቱ ሲሞት ለባንክ አይቀርም።

ዝም አልኩ። እሱም ዝም። ዞር ብሎ አየና
የገንዘብ ቤቱን ፍርግርግ፣ ቀስ ብሎ ተጠጋና
ሦስተኛው ዘንግ ላይ አውራ ጣቱን አሳረፈ፦
«ይቺን እብጠት አየህ? መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው፣ እጄን ያሳለፈ።
ይኸን ፍርግርግ የበየድኩት እኔ ነኝ፣
ቅርንጫፉ ሊከፈት ሦስት ቀን ሲቀር፣ ሌሊት ሳይተኛኝ።
ቀብድ አልሰጣችሁኝም። ‹በጀት አልመጣም› አላችሁ።
ብረቱን በዱቤ ከሰኞ ገበያ አንስቼ ሠራሁላችሁ።
አምስት ወር ቆይቶ ነው የተከፈለኝ።
አስይዙ አላልኩም፤ ባንክ ናችሁ ሳልል፣
ወላሂ፣ ሰው መሰላችሁኝ።»

ቅጹ ላይ ለዚህ ቃል ሳጥን የለውም።
«ምክንያት» ከሚለው ሥር ጻፍኩ፦ «ማስያዣ የለውም።»
ፈረምኩ። ማኅተሙን መታሁ። ቀለሙ ደክሟል።
ሁለቴ መታሁት፤ እሱም ብድር ቆሞበት፣ ደርቆ ከርሟል።

ማታ ከሥራ ስወጣ ወደ ቤት አልሄድኩም።
ለምን ሸዋ በር እንደወረድኩ አላወቅኩም።
ሱቁ ክፍት ነበር። መብራት የለም። በባትሪ
ሙሄ በእጅ መጋዝ ይከረክራል፣ ቱቦላሬ፤
ቁራሌዋ ጦይባ የእቁብ ዕጣዋን አውጥታ
ለሱ አሳልፋለች፤ ደፍ ላይ ተቀምጣ
ብሩን ትቆጥራለች፣ የተጣጠፈ፣ የላበ፤
ቅጽ አልተሞላም፣ ማንም ምንም አላነበበ።
«ግማሹንም አይሸፍን፣» አለች፣ «ግን ይጀምርበት፤
በር ካልተሠራ እንደሁ ማንም አይገባበት።»

እኔን ስታይ መቁጠሯን አቆመች።
ብሩን ከቀሚሷ ሥር ሸሸገች።

ኪሴን ዳበስኩ። ከደሞዝ የተረፈችውን አውጥቼ
«ቀብድ ነው» አልኩት፣ «በር ላሠራ መጥቼ።»

ቤቴ በር አለው። ደኅና በር ነው፣ ከነቁልፉ።
ሙሄ አላመሰገነኝም፤ አልተቆጣም።
ሜትሩን ከወገቡ ፈታ።

«ስፋቱ ስንት ነው?»

አልለካሁም ነበር።
ሁለት ክንዴን ዘርግቼ አሳየሁት፣
በግምት።