አምስት ልብ

ኮምቦልቻ ሳለሁ፣ በሌሊት ፈረቃ፣
ከድርና ማጉ ጋር አብሬ ስነቃ፣
መዳፍ በምታህል በአንዲት ስልክ ፊት
አራት ጠረጴዛ ነበረኝ በሌሊት።
ስም እንጂ ሰው የለም፤ ስሙም ስም አይደለ፤
«ነብሮ ዘጠና አንድ»፣ «ጨረቃ» እየተባለ፣
አንዱ ከወዲያ ጫፍ፣ አንዱ ከማላውቀው፣
ቁጥር ሆኖ ይመጣል፣ በቁጥር ልነጥቀው።
ሕጌ ቀላል ነበር፦ ቶሎ ወስን፣ ቶሎ ጣል፣
ደካማ ከደረሰህ ይዘህ አትቃጠል፤
ሲያመነታ ግፋው፣ ሲገፋህ አስላበት፣
ውሸት ካማረህ ዋሽ፤ ማን አለ የሚያይበት?
ሁለት መቶ ዕድል በሰዓት እያየሁ፣
እንቅልፌን ሸጬ ብር ስገዛ ከረምሁ።

ሙሄ ነው የነገረኝ፦ «ደሴ ውጣ እሑድ 'ለት፣
ከአራዳ ዝቅ ብሎ፣ ጎማ ከሚጠግኑበት፣
ከጓሮው ፖከር አለ፤ ሽማግሌ ናቸው ሁሉም፤
ያንተን ስሌት ቢያዩት አንድ ሰዓት አይቆሙም።»
ሀረጎን ወጣሁት፣ ጥምዝ በጥምዝ፣
ገና ያልበላሁትን በልቤ ሳግዝ፤
ጉሙ ከጦሳ ወርዶ መስኮቱን ሸፍኖ፣
ከተማው እንደ ስልኬ ፊት አልባ ሆኖ።

ጓሮው የቆርቆሮ፣ ስድስት ሰው፣ አንድ አምፖል፤
ቀይ ቆርኪ ሃምሳ ብር፣ ነጩ ዐሥር ይባላል።
ከፊት ለፊቴ ያሉት ጋሽ አበጋዝ ናቸው፤
የአሰብ መስመር ነው ፀጉር ያስሸበታቸው፤
የስንቱን ኬላ ፈታሽ ዓይን ዓይኑን አይተው፣
የጫኑትን ሳይሆን ያልጫኑትን አውርተው
ያለፉ ሰው ናቸው።

ጨዋታው ግን ዘገየ! ካርታ ይታደላል፣
አንዱ የልጁን ሠርግ ከጥሪው ያወራል፣
አንዱ ስልክ ያነሣል፣ አንዱ ሻይ ያማስላል፣
የኔ እግር ከጠረጴዛው ሥር ይዘላል።
በሰዓት ሃያ ዙር። ሁለት መቶ ለምዶ፣
ጣቴ ቆርኪ ይክባል፣ ይንዳል አብዶ።
ባዶ እጄን ገፋሁ፤ በስልክ ቢሆን ይሸሻሉ፤
እዚህ ማን ይሸሻል? «እስቲ ልየው» ነው የሚሉ፤
ብር ከፍለው ያያሉ፣ ለማየት ነው የመጡ፣
ተሸንፈው ይስቃሉ፣ ካላዩ ነው የሚቆጡ።

ከዚያ መጣ ደጉ። ልብ ልብን ተከትሎ፣
ከጠረጴዛው ሦስት፣ ከእጄ ሁለት ታክሎ፣
አምስት ልብ።
ጥቂት ብቻ ገፋሁ፣ እንዳይሸሹ አስቤ፤
እሳቸው ግን ያዩት አንገቴን ነው፣ ልቤ
የሚመታባትን ያቺን የደም ሥሬን፤
ያዩት ድንገት ዝም ያለውን እግሬን።
ካርታቸውን ጣሉ። «አብሽር» አሉኝ ስቀው፤
«አምስት ልብ ይዘህ ልብ አላልክም፣ አንተ ሰው!
ልብህ አንገትህ ላይ ነው፤ ከዚህ ይታያል፤
ልብ ያለው ልቡን መች ለሰው ያሳያል?»

ከዚያ ወዲህ ስሄድ ስሌቱን ቤት ተውኩት፤
አልተውኩትም ይልቅ፣ ከኪሴ ከተትኩት።
ባዶ መግፋት ቀረ፤ ሲሞላልኝ ነው
ማየት የሚወድን ሰው ዋጋ የማስከፍለው።
እግሬም ይዘላል ሁልጊዜ፣ ቢደርሰኝ ባይደርሰኝ፣
እውነቱን ከውሸቱ ማንም እንዳይለይብኝ።
የሠርጉን ወሬ እሰማለሁ፤ ድንገት ከተቋረጠ፣
ሙሽራውን ጥለህ ሽሽ፤ ሰውዬው ንጉሥ ጨበጠ።

ባለፈው ጋሽ አበጋዝ፦ «ያን ስልክህን አምጣው» አሉ።
መነጽር አጠለቁ።
«የታለ ሰውዬው?»
«ይሄ ነው ስሙ፣ ጋሼ።»
«ይተነፍሳል?»
ምን ልበል።
ጠበቁት፣ ዓይናቸውን ከስሙ ላይ ተክለው፣
እንደ ኬላ ፈታሽ ሊያነቡት ፈልገው፤
ሰዓቱ ቆጠረ፦ ዐሥር፣ አምስት፣ ሁለት...
ካርታቸውን ነጠቀ፣ ያለ አንዲት ይሉኝታ፣ ያለ አንዲት ቃላት።
ሁለቱም ልብ ነበር።
ዝም አሉ። ቆይተው ስልኩን መለሱልኝ፦
«ይሄ ኬላ አይደለም፤ ጉም ውስጥ መንዳት ሆነብኝ።
ሹፌሩን አታየው፤ መብራቱን ነው የምታየው፤
መብራቱ ከዘገየ፣ አንድ ነገር አስቧል ማለት ነው።»

ማታ ሀረጎን ስወርድ ጉም ነበር እስከ ታች።
ከጥምዙ ማዶ አንድ መብራት ብልጭ አለች፣
ቆየች።
ሹፌራችን ቆመ፤ ያኛውም ቆመ።
ማን ይለፍ? ማን ይሽሽ? ሁሉም ሰው አዳመጠ።
ኪሴ ውስጥ ስልኬ ነዘረ፦
«ተራህ ነው።»