ከደጄ እስከ ውኃው

ፊደል ለቃሚ ነበርኩ፣ በአራል ባሕር ዳር፣
በዓሣና በቀለም ሽታ ውዬ የማድር።
እርሳስ ጣቴን ቢያጠቁረው፣ ቢያፈዝዘው ዓይኔን፣
ቃል በቃል ስደረድር ነው የጨረስኩት ዕድሜዬን።

ቢቢዛዳ የመጣች ለት ጫማዋ ጭቃ ነበር፤
የዓሣ ሐኪም ናት አሉን፣ ከምርመራ ጣቢያው ሰፈር።
አንድ ጽሑፍ አወጣች ከጉያዋ፣ ጠርዙ እርጥብ፣
ወንዙ ለጥጥ ሲጠለፍ ባሕሩ መጉደሉን የሚያስነብብ።

አዘጋጁ ታጂሙራት መነጽሩን አወለቀ፣
በቀይ እርሳስ ማረሚያውን ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀ።
«ጥጡ ሥራ ላይ ነው፤ ወንዙም ሥራ ላይ ነው፤
የባሕር መጉደል፣ እህቴ፣ በዕቅዱ ውስጥ ቦታ የለው።»

እሷ ወጣች። እኔ ግን ልበትነው አልሆነልኝም፤
የተሰረዘውን እርሳስ፣ እውነቱን ልናገር፣ ወደ ሣጥኑ አልመለስኩም።
በባዶ የዓሣ ጣሳ ጨመርኩት።

በሳምንቱ ተመልሳ መጣች፣ ፊቷ ላይ ፈገግታ፤
«ስለ ጤና ልጻፍ» አለች፣ «ስለ እግር ጉዞ እርካታ።»
ጤናን ማን ይከለክላል? ታጂሙራት ፈረመ፤
«ከደጄ እስከ ውኃው» ተብሎ ዓምዱ ተሰየመ።

«አርባ እርምጃ። ነፋሱ ደስ ይላል። ልቤ በደንብ ይመታል።»
በዓመቱ፦ «ሁለት መቶ አሥር። የጎረቤት ውሻ ተከትሎኛል።»
ከዚያ፦ «ሺህ ሦስት መቶ። ለጉልበት የሚመከር ርቀት።
መንገዴ ላይ መርከብ አለች፤ ጥላዋ ሥር ግመል ተኝቶበት።»

ከተማው አነበበ። በሻይ ቤቱ ጥግ
አንዱ «ስንት ደረሰ?» ይላል፣ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ፤
ሌላው በጣቱ ይመልሳል። ፖሊሱ ገብቶ ቢያየን፣
ስለ ጤና ነው የምናወራው፤ ጤናችንማ ይታያል አይደለም ወይ፣ ከፊታችን!

የማሸጊያው ፋብሪካ ዓሣ ከሩቅ ባሕር በባቡር ሲያስመጣ
እሷ «ስድስት ሺህ» ብላ ጻፈች፤ «ደክሞኛል፤ ከንፈሬም ጨው አወጣ።»

የመጨረሻው አንዲት መስመር ነበረች፤ እኔ ነኝ የለቀምኳት፦
«ዛሬ አልደረስኩም።»
አራት ነጥቡ ከእጄ ወደቀ፤ ሁለቴ ጎንበስ ብዬ አነሣሁት።

ጨው የጫነው አቧራ ሳንባዋን በልቶ ጨረሰ።
ቀባሪ ጥቂት ነበር። ንግግር ያደረገ የለም፣ ያለቀሰ እንጂ አለቀሰ።
ታጂሙራት ከኋላ ቆሞ፣ መነጽሩ በእጁ፣
«ከአርባው ጀምሮ አውቅ ነበር» አለኝ፤ ሌላ ምንም አልወጣው፣ ዞረ ወደ ደጁ።

ይኸው ስንት ዘመን? በደረቀው የባሕር ወለል ላይ
ሳክሳውል የሚተክሉ ልጆች አሉ፣ በዚያ በጠራራ ፀሐይ።
ኦራዝጉል ትባላለች አንዷ፤ የአጥማጅ የልጅ ልጅ፤
ያቺ ዓምድ፣ በጋዜጣ ቁራጭ፣ ተለጥፋ ነበር በቤታቸው ደጅ።
ፊደል የቆጠረችው በዚያ ነው፤ ቁጥርም በዚያው።
ዛሬ ችግኝ ከችግኝ በእርምጃ ነው የምትለካው።

ባለፈው መጣች ወደ እኔ። «የተሰረዘው አለ?» አለችኝ።
ጣሳውን ከፈትኩላት፤ አፈርኩ መሰለኝ፦
ፊደሎቹ ተደባልቀው፣ «ባ» ከ«ጨ» ሥር ገብቶ፣
ዓረፍተ ነገር አልነበረም፤ ሁሉም ተፈትቶ።
«ምን ይላል?» አለች። «አላውቅም፤ ረስቼዋለሁ» አልኩ።
ዋሸሁ። አንዲቱን መስመር ብቻ አልረሳሁ፤ ግን አልነገርኩ።

«እርሳስ!» ሲሉኝ ኖሩ ሰዎች፤ እኔም ያሉኝን አደረግሁ፤
እርሳሱን በጣሳ ሞልቼ ከአልጋዬ ሥር አኖርሁ።

ይዛው ወጣች። በእያንዳንዱ እርምጃዋ ጣሳው ይንሿሿል።
ሳላስበው እየቆጠርኩ ነበር፤ ያረጀ ሰው ምን ይሠራል?
አርባ ላይ ስደርስ ጸጥ አለ።
ወደ ኋላዋ አልዞረችም። ቆማ መሬቱን ታየዋለች።